ምጥን ሽሯችን ፍራንክፈርት እስኪገባ፤ የዘጠኝ ወር የሥራ ማስታወሻ

ጥር 15/2017

ዛሬ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ደብተር ገዛሁ። ቤተሰባችን ባልትና ከጀመረ 9 ዓመት ሆኖታል። እናታችን ትመጥናለች፣ ታላቅ እህቴ ምርቱን ትመራለች፣ ሽያጩ የእኔ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሱፐርማርኬቶችና ለሚኒ ማርኬቶች በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እናከፋፍላለን። ወደ ውጭ ልከን ግን አናውቅም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ፍራንክፈርት የምትኖረው አክስታችን ናት። ለገና መጥታ፣ ጥምቀትን አክብራ ትናንት ተመለሰች። ሻንጣዋን ስታስር አብሬያት ነበርኩ። 11 ኪሎ በርበሬ፣ 8 ኪሎ ሽሮ፣ ትንሽ ኮረሪማ። ፌስታል በፌስታል ላይ፣ ከላዩ ፕላስተር። «ይሄ እዚያ ሱቅ ውስጥ ቢኖር እኮ ወገቤን አልቆርጥም ነበር» አለች። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

የሚሰጠን ምክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «ውጭ ያለው ሐበሻ ብቻውን ይበቃችኋል።» እውነት መሆኑን ብር ከማውጣታችን በፊት ማጣራት እፈልጋለሁ።

የካቲት 3

በአክስቴ በኩል፣ በቴሌግራምና በዋትሳፕ፣ ጀርመን የሚኖሩ 31 ሰዎች አነጋገርኩ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ቤታችሁ ያለው ሽሮና በርበሬ ከየት መጣ?

24ቱ የመለሱልኝ አንድ ነው፤ ከአገር ቤት፣ በሻንጣ። እናት የላከችው፣ እህት ያመጣችው፣ የጎረቤት ልጅ አደራ ተቀብሎ ያደረሰው።

ስለዚህ ተፎካካሪያችን ሌላ ባልትና ድርጅት አይደለም። የእናት ሻንጣ ነው። የእናት እጅ ያረፈበትን ነገር በቅናሽም በማስታወቂያም አንበልጠውም። መብለጥም አያምረንም።

እንቅልፍ የነሱኝ የቀሩት 7 ሰዎች ናቸው። አንዷ ፍራንክፈርት አጠገብ ባለችው ኦፈንባኽ የተወለደች ልጅ ናት። «ሽሮ ነፍሴ ነው። ግን እናቴ ስትሠራው እንጂ እኔ ሠርቼ አላውቅም። ሽንኩርቱ እስከ መቼ እንደሚቁላላ እንኳን አላውቅም» አለችኝ። ሁለቱ የሐበሻ ቤት ምግብ የለመዱ ጀርመኖች ናቸው። አንዱ ሥጋ የማይበላ ተማሪ ነው። እነዚህ ሰዎች ሻንጣ የሚልክላቸው የላቸውም።

ገበያችን እነሱ ናቸው። ዛሬ ማታ ይህን ለእህቴ ነገርኳት። «ሰባት ሰው?» አለች። ሰባት ሰው አይደለም፤ ሰባቱ የሚመስሉት ሁሉ ነው።

የካቲት 19

ሁዳዴ ገብቷል፤ ሽሮ ላይ ተጠምደናል። በመሃል የመጀመሪያውን ውሳኔ ወሰንን። በርበሬ አንልክም። በርበሬ ለማያውቀው ሰው ገና ሥራ ነው። ሽሮ ግን ሽንኩርት፣ ዘይትና ውሃ ካለ ምግብ ነው። ለዚያውም ከሥሩ ጾም ነው። እዚያ ቪጋን የሚሉት ሰዎች የሚፈልጉትን እኛ ቤት ከጥንት የምንበላው ነው። ምንም መለወጥ የለብንም።

እናታችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «በውስጡ ያለው በርበሬስ?» ልክ ናት። ምጥን ሽሮ በርበሬ አለበት። ላቦራቶሪ መሄድ አይቀርልንም።

መጋቢት 8

ውጤቱ መጣ። ወደቅን።

አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነው። የአራቱም ዓይነት ድምር ከ10 መብለጥ የለበትም። የአሜሪካው ወሰን ለድምሩ 20 ነው። የእኛ ናሙና ቢ1 ብቻውን 9፣ ድምሩ 13 ሆነ። አሜሪካ ቢሆን ያልፍ ነበር። ጀርመን አያልፍም።

እናታችን ደነገጠች። እሷ በርበሬ ስትቀነጥስ አንድ አንዱን እያየች ነው። ነገር ግን ይህ መርዝ በዓይን አይታይም። እርጥበት ሲያገኝ ሻጋታው ያመነጨዋል፤ ከዚያ ብትቆላውም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዛላውን የገዛነው ክረምቱን መጋዘን ውስጥ ካሳለፈ ክምችት ነበር። ጥፋቱ እዚያ ነው የተሠራው፤ እኛ እጅ ከመግባቱ በፊት።

ለሱዳን ቀለምም አስመርምረናል። በ2003 እ.ኤ.አ. ይህ የፋብሪካ ቀለም በዱቄት በርበሬ ውስጥ ከተገኘ ጀምሮ አውሮፓውያን ቀይ ቅመም ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። እሱ ንጹህ ሆነ። ደስ ቢለኝም ዛሬ ብዙ አላጽናናኝም።

መጋቢት 16

ማረቆ ደርሼ መጣሁ። ምርቱ ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ ያየሁት መጋዘን ነው። መሬት ላይ የደረቀውንና በሽቦ ወንፊት ቆጥ ላይ የደረቀውን ለየብቻ አስቀምጠውታል። የቆጡን አንድ ዛላ አንስቼ ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት። ፍሬው ይንሿሿል። የመሬቱ ድምፅ የለውም፤ ስታጥፈው ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። እርጥበት መለኪያውም ያንኑ ነገረኝ።

ዋጋው በኪሎ ይወደዳል። ገዛሁ። ናሙናው ዛሬውኑ ላቦራቶሪ ገብቷል።

መጋቢት 27

ሁለት ዜና። በርበሬው አለፈ፤ ቢ1 ከ2 በታች ነው። ሽሮው ግን ሌላ ነገር አመጣ። ግሉተን፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ተገኘበት።

ሽምብራና አተር ውስጥ ግሉተን ከየት መጣ? ወፍጮ ቤት ሄጄ ወረፋ ላይ ቆምኩ። ከእኛ በፊት የነበረችው ሴትዮ ለበሶ የቆላችውን ገብስ አስፈጨች። ከእሷ በፊት ስንዴ ነበር። ጥግ ላይ የሰናፍጭ ማዳበሪያ ተቀምጧል። የወፍጮው ጋሼ ድንጋዩን በመጥረጊያ ጠረግ ጠረግ አድርገው «አምጡ» አሉ። እኛም ሰጠን። 9 ዓመት እንዲሁ ነው የሰጠነው።

የአውሮፓ ሕግ 14 አለርጂ አምጪ ምግቦችን ይዘረዝራል። ስንዴና ገብስ አሉበት። ሰሊጥ፣ ለውዝና ሰናፍጭም አሉበት። «ግሉተን የለሽ» ብሎ ለመጻፍ ደግሞ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም መብለጥ አይቻልም። በሰፈር ወፍጮ ይህ አይሆንም። በአለርጂ የሚታመም ልጅ ያለው ቤት እሽጋችንን አምኖ ሲገዛ ይታየኛል። በዚህ ነገር አልቀልድም።

የራሳችንን አነስተኛ ወፍጮ ልንገዛ ነው። ለማስታወቂያ ያስቀመጥነው ገንዘብ በሙሉ እዚያ ይገባል። እህቴ «ወፍጮውስ ማስታወቂያ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 20

ፋሲካ አለፈ። አሁን ዋናው ጥያቄ፤ ጀርመን በምን በር እንግባ?

አንደኛው የራሳችንን ኩባንያ እዚያ ማቋቋም ነው። ጂኤምቢኤች የሚሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር 25 ሺህ ዩሮ ካፒታል ይጠይቃል፤ ሲመዘገብ ግማሹ መከፈል አለበት። አይሞከርም። ሁለተኛው ኮሚሽን የሚበላ ወኪል መያዝ ነው። እዚያ ወኪልን ሕጉ ይጠብቀዋል። ስታሰናብተው እስከ አንድ ዓመት ኮሚሽን የሚደርስ ካሳ ልትከፍል ትችላለህ። ሦስተኛው ዕቃውን ገዝቶ፣ በራሱ ኃላፊነት አስገብቶ የሚሸጥ አስመጪ ማግኘት ነው።

እህቴ ፈጠን ብለን ትልቅ እንግባ ባይ ናት። የአሜሪካውን ግዙፍ የሱፐርማርኬት ድርጅት የዋልማርትን ታሪክ ነገርኳት። በ1997 እ.ኤ.አ. ጀርመን የገባው ገንዘብ አጥቶ አልነበረም። የነበሩ መደብሮችን ገዝቶ ነው የገባው። ከአሜሪካ ይዞት የመጣው ልማድ ግን አልሠራለትም። በር ላይ ሰላም የሚል ሠራተኛ፣ ፈገግ የሚል ገንዘብ ተቀባይ፣ የገዛኸውን ከረጢት ውስጥ የሚከትልህ ልጅ። ጀርመኑ ደግሞ ዕቃውን ራሱ ከቶ ቶሎ መውጣት ነው የሚፈልገው። በርካሽ ልምታቸው ሲልም በርካሽነታቸው የታወቁት የጀርመን ሱፐርማርኬቶች እነአልዲና ሊድል ቀድመውት እዚያ ነበሩ። በ2000 የውድድር ባለሥልጣኑ ወተትና ቅቤን ከመግዣ በታች መሸጥ አቁሙ ብሎ ሦስቱንም አዘዘ። በ2006 ዋልማርት 85 መደብሮቹን ለጀርመኑ ሜትሮ ኩባንያ ሸጦ ወጣ።

«እና እኛ ምን አገባን?» አለች። የሚያገባን ይሄ ነው፤ ሰውዬው ዕቃውን በየትኛው እጁ እንደሚያነሳ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ያስፈልገናል። አስመጪ እንፈልግ።

ግንቦት 6

አገኘን። ከሕንድና ከቱርክ ምስርና ቅመም የሚያስገባ አነስተኛ ድርጅት ነው። ባለቤቱ ጀርመናዊ ነው፤ በቪዲዮ ሦስት ጊዜ ተነጋግረናል። ናሙናውን ራሱ ሠርቶ በልቷል።

የላከው ውል ግን ለመላው አውሮፓ፣ ለ5 ዓመት፣ በብቸኝነት ይላል። ዝም ብለን ብንፈርም እሱ ባይሸጥ እንኳ ለሌላ መሸጥ አንችልም። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። መጨረሻው ይህ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ብቻ፣ ለ1 ዓመት። በዓመቱ 4 ሺህ እሽግ ካልገዛ ብቸኝነቱ ይቀራል። ክፍያው ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ሰነድ ሲደርሰው።

ከሁሉም በላይ የታገልኩት ለአንዲት መስመር ነው፤ «የንግድ ስሙ የላኪው ነው።» ለምን እንደሆነ ለእህቴ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አገራችን ስትነሳ ከአሜሪካው የቡና ድርጅት ከስታርባክስ ጋር ስምምነት እስኪደረስ 2007 ደርሷል። በጤፍ ላይ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የያዘው ፓተንትም ዘ ሄግ ባለው ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚያ የአገር ጉዳዮች ናቸው፤ የእኛ አንዲት ትንሽ እሽግ ናት። ቢሆንም የእናታችን እጅ ያረፈበት ስም ነው።

በመላው የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ለአንድ የዕቃ ምድብ 850 ዩሮ ነው፤ ከውጭ ለሚያመለክት ሰው የአውሮፓ ጠበቃም ያስፈልጋል። ወጪው ያማል። ከፈልን።

ግንቦት 25

የእሽጉ ጽሑፍ ሳምንቴን በላው።

ጽሑፉ በጀርመንኛ መሆን አለበት። ንጥረ ነገሮቹ በክብደት ቅደም ተከተል ይዘረዘራሉ። አለርጂ አምጪ ካለ ደምቆ ይጻፋል። በ100 ግራም ስንት ኃይል፣ ስብ፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ጨው እንዳለው በሰንጠረዥ ይቀመጣል። አምራቹ ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ የአስመጪው ስምና አድራሻ ይገባል። ይሄኛው መጀመሪያ ከንክኖኝ ነበር። እናታችን መጥና፣ የሰው ስም እሽጓ ላይ? በኋላ ግን ገባኝ። ገዢው አንድ ነገር ቢገጥመው የሚያንኳኳው በር እዚያው አገሩ ውስጥ መኖር አለበት።

ተርጓሚው ሽሮን «የተቀመመ የሽምብራ ዱቄት» አለው። ስህተት አይደለም። ለአስመጪው ሳነብለት ግን ራሱን ነቀነቀ። ዱቄት ካልነው ሱቁ ከዳቦ ዱቄት ጎን ይደረድረዋል፤ ገዢውም ኬክ ሊጋግርበት ይሞክራል። ጀርመኖች አይንቶፕፍ የሚሉት አላቸው። በአንድ ድስት የሚሠራ፣ ወፈር ያለ፣ ጥጋብ የሚሰጥ የቤት ምግብ ነው። «ለአይንቶፕፍ የሚሆን» እንበል አለኝ። እኔም ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ሽሮ ወጥ ነው፤ ወጥነቱን የሚነግረው የእነሱ ቃል ይሄ ነው። ስሙ ግን በትልቁ ሽሮ ይባላል። ያ አይነካም።

ጀርባው ላይ ለኦፈንባኽዋ ልጅ የሚሆን አሠራር ጻፍን። እናታችንን ስንት ውሃ ስላት «እንደ ሽሮው ነዋ» አለችኝ። ስለዚህ ኩሽና ቆሜ ሚዛንና ሰዓት ይዤ ለካሁ። ለሁለት ሰው 60 ግራም ሽሮ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ። ሽንኩርቱ 8 ደቂቃ። ውሃው ሲፈላ እያማሰሉ መነስነስ፣ ከዚያ በቀስታ 15 ደቂቃ ማንተክተክ። ሦስት ጊዜ ሠራነው። ሦስተኛው ላይ እናታችን ቀምሳ ዝም አለች። ማለፊያ ነው ማለት ነው።

ሰኔ 9

ዋጋ። የ200 ግራም እሽግ ከእኛ በር በ1.60 ዩሮ ይወጣል። የአውሮፕላን ጭነትና ማስለቀቂያ 80 ሳንቲም። አስመጪው 30 በመቶ ሲጨምር 3.12፣ ሱቁ 40 በመቶ ሲጨምር 4.37፣ የምግብ ተጨማሪ እሴት ታክስ 7 በመቶ ሲደመር 4.67። መደርደሪያ ላይ 4.69 ተብሎ ይለጠፋል። ኢትዮጵያ እጅግ ዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ካሉ አገሮች ተርታ ስለሆነች ቀረጥ የለበትም። የስሪት አገር መግለጫውን ኢንቮይሱ ላይ በትክክል መጻፍ ብቻ ነው።

ከበራችን 1.60 የወጣው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ገዢው ጋ ይደርሳል። አንድ ሰው ይህን አይቶ «በዘበዙን» ሊል ይችላል። እኔ ግን እያንዳንዱን መስመር ጠይቄያለሁ። ማሸጊያውን ገበያ ላይ የሚያወጣው ሰው ሉሲድ በሚባል መዝገብ ተመዝግቦ ለቆሻሻው አሰባሰብ ሳይቀር ይከፍላል። ያንን የሚሸከመው አስመጪው ነው።

ሰኔ 24

ከባድ ቀን።

1,200 እሽግ ታሽጎ፣ ካርቶን ገብቶ፣ ነገ ለትራንዚተሩ ሊሰጥ ነው። ማታ አንዱን አንስቼ ፎቶ ለአስመጪው ላክሁ። በደቂቃ ውስጥ ደወለ። «የመጠቀሚያ ጊዜው ለምን አለፈ?»

እሽጉ ላይ የታተመው 20/10/2018 ነው። ለእኛ የሚመጣው ዓመት ሰኔ 20 ነው። ለእሱ ጥቅምት ወር ላይ ያለፈ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቀን ነው። ማተሚያው ለአገር ውስጥ ሥራ እንደተስተካከለ ነበር፤ ማንም አልነካውም። የሕግ አንቀጽ ስንበረብር ከርመን ዘመን አቆጣጠሩን ረሳነው።

ተለጣፊ እንለጥፍበት የሚል ሐሳብ መጣ። እህቴ እምቢ አለች። ቀን የተሸፈነበት እሽግ ያየ ገዢ ምን ያስባል? ሁሉም ተቀዶ ሽሮው ወደ አገር ውስጥ እሽግ ተገለበጠ። ለጀርመኑ ከአዲስ እንጀምራለን። እናታችን ምንም አልተናገረችም። ሌሊቱን ሽምብራ ስትለቅም አደረች።

ሐምሌ 15

ጭነቱ ፍራንክፈርት ገብቶ ተለቀቀ። 240 ኪሎ ንጹህ ክብደት። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል፤ አራት ሰው በየተራ አይቶታል።

ነሐሴ 10

ቅዳሜ ነው፤ ፍልሰታም ነው። አክስቴ አንድ ሱቅ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ እየሠራች ስታስቀምስ በቪዲዮ አየሁ። ነጠላዋን ለብሳለች። እንጀራ አልያዘችም፤ ሆን ብለን ነው። በዳቦ ነው ያቀረበችው፣ ሰዎቹ ቤታቸው ባለው ነገር።

አንዲት ጠና ያለች ጀርመናዊት ቀመሱ። ቆም አሉ። «ሻርፍ» አሉ፤ ያቃጥላል ማለት ነው። ግን ዳቧቸውን ጨምረው ጠቀሱ። ሌላ ወጣት ሾርባ ነው ወይስ ማባያ ብሎ ጠየቀ። አንድ ሐበሻ መጥቶ እሽጉን አገላብጦ፣ ፈገግ ብሎ መለሰው። የእናቱ አለዋ። ምንም አልከፋኝም።

እስከ ማታ 38 ተሸጠ። «ሻርፍ» የሚለውን ቃል ግን አክስቴ ደጋግማ ነገረችኝ።

መስከረም 27/2018

ኮሎኝ ነኝ፣ አኑጋ በሚሉት የምግብ ዓውደ ርዕይ። በጎብኚነት ነው የመጣሁት፤ ቦታ ተከራይቶ ማሳየት ገና አቅማችን አይደለም። እግሬ እስኪዝል ዞርኩ።

የብዙዎቹን የሕንድ ምስር እሽጎች ቆሜ አጠናሁ። ፊት ለፊት የሚታየው ጥሬው ምስር አይደለም። በሳህን የቀረበው፣ እንፋሎት የሚወጣው ምግብ ነው። እኛ ፊት ለፊት ያደረግነው ሽምብራና ዛላ በርበሬ ነው። ለእኛ ዛላው ቤት ቤት ይሸታል። ለማያውቀው ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጣዩ እሽግ ላይ ሲንተከተክ ያለ ሽሮ ይሆናል፤ በሸክላ ድስት።

ከአስመጪያችን ጋር በአካል ተገናኘን። እስከ አሁን 760 እሽግ ሸጧል። ሁለተኛ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ አንድ ጥያቄ ግን አለው። በርበሬው ቢቀነስስ? ለእናታችን እንዴት ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነው የማድረው።

ጥቅምት 11

ነገርኳት። ምጥኗን አጉድይ ማለት ለእኔም ከብዶኝ ስለነበር ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«በርበሬ ካልፈለጉማ አልጫ ሽሮ አለ አይደል?» አለችኝ። «አንተ ሕፃን ሆነህ የበላኸው እኮ እሱን ነው።»

ዘጠኝ ወር ሙሉ አላሰብኩትም። ምጥኑን ማጉደል አያስፈልግም። ቀዩ እንዳለ ይቀጥላል፣ ከጎኑ አልጫው ይቆማል። በርበሬ ስለሌለበት የአፍላቶክሲን ጣጣው ቀለል ይላል፤ ነጭ አዝሙዱንና እርዱን ግን እናስመረምራለን። ናሙናው ሐሙስ ላቦራቶሪ ይገባል። ሁለተኛው ትእዛዝ 900 ቀይ፣ 600 አልጫ ነው።

አሁን ይህን ስጽፍ ከጓሮ የአተር ቁላት ሽታ እየመጣ ነው። እናታችን የመጀመሪያውን ራሷ ካልቆላሁ ብላለች።